በራሴ ዘፈን ውስጥ እናት ሆኜ

ስልኩ ሲጠራ ማንጎ እየላጥኩ ነበር። ሸዋ ሮቢት፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፉ መኪኖች የደብረ ሲናን ብርድ ጥለው፣ ቁልቁለቱን ወርደው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሹራቡን እያወለቀ ይወርዳል። የመጀመሪያ ቃሉ «ቀዝቃዛ ነገር አለ?» ነው። የዘወትር ሥራዬ ይኸው ነው። ጥር ሲገባ ደግሞ ሠርግ ላይ እዘፍናለሁ።

እጄን በሽርጤ ጠርጌ ስልኩን አነሳሁት።

«እትዬ፣ አያውቁኝም» አለ አንድ የወጣት ድምፅ። «አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ የሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ። እናቴ ቤት የእርስዎ ካሴት ነበር። እሱን እየሰማሁ ነው ያደግሁት።»

ስለ ካሴቴ የሚጠይቅ ሰው ከደወለልኝ ዓመታት አልፈዋል። ቢላዋውን አስቀምጬ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ አጭር ነበር። ከካሴቴ ውስጥ አንዱን ዘፈን በአዲስ ቅንብር ማውጣት ይፈልጋል። «ወጣት ዘፋኝ ፈልግና አዘፍናት ብለውኝ ነበር» አለኝ። «እኔ ግን ራስዎ እንዲዘፍኑት ነው የምፈልገው። ድምፅዎ አሁንም አለ አይደል?»

«አለ» አልኩት። «የት ይሄዳል?»

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ይህን ቁጥር ስጽፍ እጄ ትንሽ ይዘገያል፤ በሥራዬ ምክንያት ለብዙ ዓመት ስደብቀው ኖሬአለሁ። መዝፈን የጀመርኩት እዚሁ ሸዋ ሮቢት፣ በቀበሌ ኪነት ውስጥ ነው። ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ባንድ ውስጥ ገባሁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያችን ካሴት አወጣሁ። አሥር ዘፈን ነበራት። ዘጠኙን ማንም አያስታውሳቸውም። አንዱ ግን ከመርካቶ እስከ አጣዬ በየሱቁና በየመኪናው ተሰማ፦

ቆላ ነው አገሬ ፀሐይ የማይፈራ፣
አንተን ብቻ አየሁ ሰው የሚያነድ ጮራ።

ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ የሚያነድ ሰውም ነበረ። ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ዘፈንኩ። ልጅ አልወለድኩም። ያረገዘች ዘፋኝ ቦታዋን በወራት ውስጥ ለሌላ ትለቃለች፤ ተመልሳም አታገኘውም። የጓደኞቼን አይቻለሁ። «በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት» ስል ጊዜው አለፈ። ሠላሳ አምስት ሲሞላኝ መብራት የሚቆጣጠረው ሰው እኔ ስወጣ ቀዩን መብራት ማብራት ጀመረ። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። በኋላ አንዷ ተወዛዋዥ «ቀይ የፊት መስመር ይደብቃል» ብላ ነገረችኝ። ክፋት አልነበራትም። እንዲያውም የጠቀመችኝ መስሏታል።

አርባ አንድ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ እንደጨረስን፣ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ድምፅሽ እንዳለ ነው፤ ማንም ምንም አላለም። ግን ደንበኛው አዲስ ፊት ይፈልጋል።»

ምን ብዬ ልከራከር? ድምፄ ጥሩ አይደለም ቢለኝ ዘፍኜ አሳየው ነበር። ስለ ፊቴ ግን ምን ማስረጃ ይቀርባል? አመስግኜው ወጣሁ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላው ነው። ከጎኔ ቆሞ የሚዘፍነው ወንዱ ድምፃዊ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ቀድሞት ይሄዳል፤ ሙቀት ሲበዛ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ነው የሚጨርሰው። እሱ እዚያው ሥራው ላይ ቀረ። ዛሬም አለ፤ በቴሌቪዥን አየዋለሁ። ጺሙ ነጭ ሆኗል፣ አምሮበታልም። ሲያስተዋውቁት «አንጋፋው ድምፃዊ» ይሉታል። እኔን የሚያስታውስ ሰው ሲያጋጥመኝ ደግሞ «የድሮዋ ዘፋኝ» ይለኛል። ሁለታችንም በሆቴሉ መድረክ ላይ በአንድ ዓመት ነው የጀመርነው።

ልብሴን በሁለት ሻንጣ ይዤ ወደ አገሬ ወረድኩ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። «ለምን መጣሽ?» ብላ አልጠየቀችኝም። ይህችን ጁስ ቤት የከፈትነው አብረን ነው።

ለዚህ ነው አቀናባሪው ሲደውል በርጩማ ያስፈለገኝ።

በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄድኩ። ስቱዲዮው አንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ ተሸፍኗል። ልጁ ትሑት ነበር፤ ወንበር ጎትቶ አስቀመጠኝ፣ ለብ ያለ ውሃ ሰጠኝ። ማዳመጫውን አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስት ጊዜ ዘፈንኩት። በሦስተኛው ስወጣ ኮምፒውተሩን ትቶ ወለሉን እያየ አገኘሁት።

«እትዬ» አለ፣ «ድምፅዎ አላረጀም።»

ደስ አለኝ። ወደ ሸዋ ሮቢት ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ያችን ቃል ሳገላብጣት ነበር። አርጅቶ ቢሆንስ ምን ችግር አለው? የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ድምፅ የሃምሳ አራት ዓመት ቢሆን ምን ይገርማል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ደወለ። ዘፈኑ አልቋል፤ አሁን ክሊፕ ይሠራል። ዘፈኑ የቆላ ስለሆነ እኛው ዘንድ መጥተው ነው የሚቀርጹት። «አዘጋጂው ሞዴል አግኝቷል» አለኝ፤ ቀረጻውን የሚመራውን ሰው ማለቱ ነው። «በጣም ቆንጆ ልጅ ናት።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ድምፁ የእርስዎ ነው። ስምዎም መጨረሻ ላይ ይጻፋል።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። ብዙ ሰው «ለምን እምቢ አላልሽም?» ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር ለአሥራ ሦስት ዓመት ማንም ዘፈኔን አልጠየቀኝም። ድምፄ ብቻውን እንኳ ቢሄድ ይሂድ አልኩ። ፊቴን አንዴ ቤት አስቀምጬዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ።

መጡ። በአንድ ሚኒባስ ሰባት ሰው ነበሩ። ቦታ ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ፦ የሽንኩርት እርሻ፣ ቀጥሎ የማንጎ ጥላ፣ ከዚያ ወንዙ ዳር። ሞዴሏ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ልክ ዘፈኑን ስጽፍ የነበርኩበት ዕድሜ። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ሙቀቱን የማታውቅ ልጅ። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ፊቷ ቀላ፤ ኩሏ ወረደ።

ችግሩ ከንፈሯ ነበር። ዘፈኑ ይከፈታል፣ እሷ አፏን ትከፍታለች፣ ግን አይገጥምም። ቃሉ ሲያልቅ የእሷ አፍ ገና ይቀጥላል። አዘጋጂው ደጋግሞ አስቆመ፤ ድምፁም ከፍ እያለ መጣ። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች።

ከማንጎው ሥር ተነስቼ ሄድኩ። «ትንፋሽሽ ነው» አልኳት። «ከንፈርሽን ብቻ ስታንቀሳቅሺ ሰው ያውቅብሻል። እኔ የምተነፍስበት ቦታ ላይ አንቺም ተንፍሺ።» እጇን ይዤ ሆዴ ላይ አደረግኩትና ዘፈንኩላት። «አገሬ» ከሚለው በኋላ ትንሽ እንደምተነፍስ፣ «ጮራ» የሚለውን ግን እስኪያልቅ በአንድ ትንፋሽ እንደምይዘው አሳየኋት። ሦስት አራት ጊዜ አብራኝ ዘፈነች፤ ድምፅዋ ትንሽ ነው፣ ግን ከልቧ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሜራው ጎን ቆሜ ዘፈንኩ፤ እሷ እኔን እያየች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ገጠመ።

ዕረፍት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ልጠይቅዎት? ለምን እርስዎ አልሆኑም?»

«እኔ ምን?»

«እዚያ የሚቆሙት። እኔ እርስዎን እያየሁ ነው የምሠራው። ታዲያ እኔን ከሚቀርጹ…»

ሳትጨርሰው ተወችው። እኔም አልጨረስኩላትም።

ከሰዓት በኋላ አዘጋጂው አንድ ሐሳብ መጣለት። ዘፈኑ ውስጥ ቤተሰብ ቢኖር ጥሩ ነው አለ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ፣ ከኋላዋ እናቷ ተቀምጣ የቆላችንን ጥራጥሬ፣ ማሾ፣ ስትፈለፍል። «እትዬ፣ እናት ይሁኑልን» አለኝ። «ጥሩ ፊት አለዎት፤ የእናት ፊት።»

ሰፌድ አመጡልኝ፤ ማሾውን ከጎረቤት ለመንን። ሻሼን ዝቅ አድርጌ እንዳስር ነገሩኝ። ተቀመጥኩ። የራሴ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው ይወጣል፣ እኔ ማሾ እፈለፍላለሁ። ካሜራው ሲዞርብኝ አፌ ሊከፈት ነበር፤ ዘፈኑን የለመደ አፍ ነውና። «አፍዎን ይዝጉ እትዬ፣ እናት አትዘፍንም» አለኝ አዘጋጂው። ዘጋሁት። በክፋት አልተናገረውም። እንዲያውም ሁሉም ሥራው አምሮላቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ሲሄዱ ማንጎ ጭነንላቸው ተሳስመን ተለያየን።

ክሊፑ ሲወጣ መጀመሪያ ያሳየሁት ጎረቤቴን ነው። ጎረቤቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እስላም እናት ናቸው፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ሽንኩርት ይነግዱ ነበር። እሳቸው የሌሉበት ሠርግ በሰፈራችን ሠርግ አይባልም። የሴቶቹን ዘፈን የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላው ይቀበላል። ጉልበታቸው ስለደከመ ተደግፈው ነው የሚመጡት፤ እሳቸው እስኪቀመጡ ከበሮው አይመታም። ድምፃቸው ሻካራ ነው፤ አንዳንዴ መሐል ላይ ይቆረጣል። ተቀባዮቹ ያን ክፍተት ያውቁታል፣ ጠብቀው ይሞሉታል። እዚያ ቤት ዕድሜያቸውን የሚቆጥር ሰው አላየሁም። እንዲያውም አንዷ ወጣት ልታወጣ ብትነሳ «እሳቸው እያሉ?» ይሏታል።

ስልኬን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ራቅ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት።

«ወላሂ ድምፁ ያንቺ ነው» አሉ። «አፉ የማን ነው?»

«የአንዲት ልጅ ነው እትዬ። ሞዴል ይሏታል።»

«እና አንቺ እዚያ ጥግ ማሾ የምትፈለፍዪው ለምንድን ነው?»

«እናቷ ነኝ።»

ዞረው አዩኝ። እየቀለድኩ መስሏቸው ነበር። ከዚያ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝና «ቆንጆ ልጅ ናት፣ አላህ ያሳድጋት» ብቻ አሉ። ያን ቀን ያለቀስኩት እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው። ብዙ አላለቀስኩም። ደንበኛ ገባ፤ ፓፓያ መቁረጥ ነበረብኝ።

ዘፈኑ ተወደደ። በየባጃጁ ይሰማ ጀመር። ጁስ ቤቴ ደጃፍ ባጃጅ ቆሞ፣ ውስጡ ድምፄ እየዘፈነ፣ ሹፌሩ «አንድ አቮካዶ» ብሎ ያዝዘኛል። ብነግረው የሚያምነኝ አይመስለኝም ነበርና አልነገርኩም።

በዚያው ጥር ቀወት ወረዳ ውስጥ አንድ የገጠር ሠርግ ላይ ተጠራሁ። ዳሱ በዝንጣፊ የተሸፈነ ነው፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ጄነሬተሩን አስነስቶ ጀመርን። ያን ዘፈን ስጀምር ወጣቱ ሁሉ ስልኩን አወጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ከልቤ ዘፈንኩት። ስጨርስ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ወደኔ መጣች፤ ፊቷ በእውነተኛ አድናቆት በርቷል።

«እማማ፣ የዚያችን ልጅ ዘፈን በጣም ቻሉት። ራሷ የዘፈነችው ነው የሚመስለው።»

ጓደኛዋ ቀጠለች፦ «ክሊፑ ላይ ያሉት እናት እኮ ናቸው። አብረው ስለሠሩ ነው የቻሉት።»

«እማማ» ያለኝ ሰው ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እስከዚያ «እትዬ» ነበርኩ። «እግዜር ይስጥሽ» አልኳት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ወደ ማይክራፎኑ ዘንበል ሲል ሊናገር እንደሆነ ገባኝና በዓይኔ ከለከልኩት። ሠርግ ነው፤ የሰው ደስታ መሐል የራሴን ነገር መክፈት አልፈለግሁም። ሌላ ዘፈን ጀመርን። ስመለስ ግን ባጃጁ ውስጥ፣ በአቧራው መሐል፣ ለራሴ እንዲህ አልኩ፦ ፊቴን ብቻ ቤት ያስቀመጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድምፄንም ሰጥቻለሁ።

እውነቱን ያወጣችው ሞዴሏ ልጅ ናት። አንድ ሬዲዮ ላይ ለቃለ መጠይቅ ጠርተዋታል። እኔ አልሰማሁትም። የነገረኝ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ጁስ ቤቴ በር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየኝና «እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ጋዜጠኛው «እስቲ ትንሽ ዝፈኚልን» ሲላት «ድምፁ የኔ አይደለም» ብላለች። «ክሊፑ ላይ ማሾ የሚፈለፍሉት ሴት ናቸው የዘፈኑት። ግጥሙም የሳቸው ነው። ጁስ ቤት አላቸው፤ ሸዋ ሮቢት ስታልፉ ጠይቋቸው።»

በማግስቱ ራሷ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ፈርቷል።

«አስቀይሜዎት ይሆን?»

«አላስቀየምሽኝም። አንቺን ተቆጡሽ?»

«ትንሽ። ሥራ ያበላሻል አሉኝ። ጋዜጠኛው ዝፈኚ ሲለኝ ምን ላድርግ? እርስዎ ያሳዩኝን ትንፋሽ ብቻ ነው የማውቀው።» ከዚያ ስለ ራሷ ነገረችኝ። «እትዬ፣ ለኔም እኮ ይነግሩኛል። ሃያ ስድስት ሳይሞላሽ የምትሠሪውን ሥሪ ይሉኛል። አራት ዓመት ነው የቀረኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እኔን አርባ አንድ ላይ ነው ያሰናበቱኝ፤ እሷን ገና ሳትጀምር ቀኑን ነግረዋታል። «ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ብትሠሪበት ይወጣል» አልኳት። እውነቴን ነበር። እስከ ዛሬ በሳምንት አንዴ ትደውልልኛለች፤ በስልክ ትንፋሽ እናስተካክላለን።

ወሬው ከተሰማ በኋላ አቀናባሪው ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ። አፍሮ ነበር፤ አፈረም አላፈረም ግን አሁን ሰው ማየት የሚፈልገው እኔን ነው። ከካሴቱ ሌላ ዘፈን መርጧል።

«በዚህኛው እኔ ራሴ ነኝ የምቆመው» አልኩት።

«እሱማ ግልጽ ነው እትዬ።»

ቀረጹኝ። በሰማያዊ ቀሚስ፣ ያው ወንዝ ዳር፣ ሙሉ ቀን። ማምሻው ላይ እግሬ አብጦ ነበር፣ ልቤ ግን ቀላል ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ቪዲዮውን በስልክ ላከልኝ። ከፍቼ ሳየው የማላውቃት ሴት አየሁ። ቀሚሱ የኔ ነው፣ እጁ የኔ ነው፣ ፊቱ ግን እንደተላጠ እንቁላል ልስልስ ብሏል። በዓይኔ ዙሪያ ያለው መስመር ሁሉ ጠፍቷል፤ የአንገቴም እጥፋት የለም።

ጎረቤቴ አጠገቤ ነበሩ። አሳየኋቸው።

«ታናሽ እህት አለሽ እንዴ?» አሉኝ። «ነግረሽኝ አታውቂም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስቀን ስናበቃ ደወልኩለት።

«ፊቴን መልስልኝ» አልኩት።

«ትንሽ ነው ያለሳለስነው እትዬ። ለሁሉም ነው የሚደረገው። ሰዉ ነው እንዲህ የለመደው።»

«ሰዉ ማን ነው?»

«ሰዉ» ለካ ለቀረጻው የሚከፍለው ነበር፣ አዘጋጂው ነበር፣ እሱ ራሱም ነበረበት። «ለወንዶቹም ታደርጉታላችሁ?» አልኩት፤ ያን ነጭ ጺም አስቤ። «አይ፣ ለነሱ እንዲያውም መስመሩን እናጎላዋለን» አለኝ። ሐቀኛ ልጅ ነው፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ከከፈለው ሰው ጋር ሁለት ሳምንት ተከራከረ። ብዙ ሰው አያየውም ተባለ። «አይየው» አልኩ። መጨረሻ ላይ እንዳለሁ አወጡት።

ብዙ ሰው አላየውም። የመጀመሪያውን ካዩት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ከሥር የተጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ አታንብቢ ቢሉኝም። «አያታችን ቤታቸው ቢቀመጡ ምን አለበት» የሚል አለ። «ለዕድሜዋ ደህና ናት» የሚል አለ፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ቆረቆረኝ። «እናቴን አስታወሰችኝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ስለ ዘፈኑ ራሱ የጻፉ ጥቂቶች ነበሩ። እነሱን ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው።

ያን ቪዲዮ አይታ አንዲት ሴት ከአጣዬ መጣች። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ጁስ አላዘዘችም፤ ገብታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ልጄን ልድር ነው» አለችኝ። «አንቺን ነው የምፈልገው።»

«ወጣቶቹ ዲጄ አይፈልጉም?»

«ይፈልጋሉ፤ ይመጣል። አንቺንም እፈልጋለሁ። እኔ ሳገባ ካሴትሽ ነው የዘፈነልኝ። ቤታችን ሲቃጠል ካሴቱም አብሮ ሄደ። ቤቱን እንደምንም መልሰን ሠራነው። ካሴቱን ከየት አመጣለሁ? ራስሽ ነይ እንጂ።»

ሄድኩ። ጎረቤቴም «አጣዬን ሳላይ ቆየሁ» ብለው ከኔ ጋር መጡ፤ ሚኒባስ ላይ ለመውጣት ሁለታችንም ተደጋገፍን። ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፤ የጎረቤቱ ግን ገና ግድግዳው ብቻ ቆሟል። ግቢው ሞልቷል። ኪቦርድ ተጫዋቹ «ቆላ ነው አገሬ»ን በተለመደው ድምፅ ልጀምር ወይ አለኝ። ለዓመታት ከፍ ያለውን ድምፅ እየያዝኩ፣ የአንገቴ ሥር እስኪገታተር እየጮኽኩ፣ እንዳላረጀሁ ሳሳይ ነበር የኖርኩት። ያን ቀን «ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርገው» አልኩት። አደረገው። ድምፄ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ሰፋ ብሎ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጭንቀት ዘፈንኩ።

ከወጣቶቹ በፊት የተነሱት እናቶቹ ናቸው። የሙሽራዋ እናት ጫማዋን አውልቃ መሐል ገባች፤ እኩዮቿ ተከተሏት። ቃሉን ሁሉ ያውቁታል። ሙሽራዋ ከመቀመጫዋ እናቷን እያየች ትስቅ ነበር። ጎረቤቴ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሳያቋርጡ ያጨበጭቡ ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ሴቶቹ አላስቀመጡኝም፤ «ድገሚው» አሉኝ፤ ደገምኩት።